አሥራ ሁለተኛው ዙር

ጥር 6፣ ማክሰኞ

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ቁርስ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ አበቦቹን ውኃ ማጠጣት። የመጽሐፍ መደርደሪያውን ሁለተኛ ረድፍ ወለወልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለአንድ ቀን አንድ ረድፍ ነው፤ ቅዳሜ ስድስተኛው ያልቃል፣ ሰኞ እንደገና ከላይ።

ልጄ ለምሳ እመጣለሁ ብላ ቀረች። ደወልኩ። ከኋላዋ የስፌት መኪና ይንጫጫል።

"እማዬ፣ አክስቴ ጋ ነኝ። እዚሁ በላሁ።"

በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ገና ማክሰኞ እኮ ነው... እየቆጠርኩ ነው እንዴ? እየቆጠርኩ ነው።

ጥር 9፣ ዓርብ

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስፍረው። ሲጻፍ ምናልባት ያንስ ይሆናል።

ልጄ መሐንዲስ ናት። ለልብ ሕሙማን የሚሆን ሰደርያ እየሠራች ነው። ሰደርያው ደረት ላይ የኮት ቁልፍ የምታህል የልብ ምት አንባቢ አለች። ባትሪ የላትም። ኃይል የምታገኘው ከወንበር ነው፤ መደገፊያው ውስጥ ኃይል የሚልክ ጠፍጣፋ ጥቅል ሽቦ ተደብቋል። የሰደርያው ጀርባ ላይ ደግሞ ተቀባይ አንቴና አለ፣ ብር ከተቀባ ክር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዙሪያውን የተሰፋ። ሕመምተኛው ደገፍ ሲል አንባቢዋ ትነቃለች። የሚሰካ ገመድ የለም፣ ቻርጅ ማድረግ ረሳሁ ማለት የለም።

ጎበዝ ናት። ይኼን ማንም አይክድም።

ግን ኃይል ከአንዱ ጥቅል ሽቦ ወደ ሌላው በአየር እንዴት እንደሚሻገር ያሳየኋት እኔ ነኝ። በሰባት ዓመቷ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ምንም ያልነካት ትንሽ አምፖል አብርቼ። አጨበጨበች። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንደዚያ ያጨበጨበልኝ የለም።

አሁን አንቴናውን የምታሠራው ማንን ነው? ታናሽ እህቴን። ልብስ ሰፊዋን። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመችውን... ይኼን ምን አመጣው? ጻፍኩት፤ አልሰርዘውም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሱሪ ላሳጥር ብዬ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። ሱሪው ማጠር አያስፈልገውም ነበር።

ሁለቱ አንድ ጨርቅ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሳሉ ደረስኩ።

"እትዬ! ነይ ግቢ። ልጅሽ እኮ ጨረሰችኝ። ይኼ ክር ደግሞ ሞልቃቃ! ሳብ ሲያደርጉት ይበጠሳል፣ ሲለቁት ይጨማደዳል።"

"በምን ያህል ውጥረት ነው የምትሰፊው?" አልኩ።

"በእጄ ነዋ!"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። "እማዬ፣ የአክስቴ እጅ ራሱ መለኪያ ነው።"

የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ልጆች ሆነንም እንዲሁ ነበር። እሷ ስትገባ ቤቱ ይስቃል፤ እኔ ስገባ ሁሉም ደብተሩን ይሰበስባል።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ስለ ሪዞናንስ፣ ሁለት ሽቦዎች በአንድ ምት ሲስማሙ ኃይል እንዴት እንደሚቀባበሉ፣ ላስረዳት ጀመርኩ። "አውቃለሁ እማዬ" አለች፣ ስልኳን እያየች። አክስቷ ስለ መርፌ አያያዝ ስታወራ ግን ማስታወሻ ትይዛለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ነገ የልብ ሐኪሙ ሰደርያውን ሊያይ ይመጣል። ከወደደው ለአርባ ሕሙማን ይሰጣል፣ ልጄም ሥራዋን ትቀጥላለች። ካልወደደው መሥሪያ ቤቷ ፕሮጀክቱን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ እሷንም ያሰናብታል።

እኩለ ቀን ላይ ሰደርያውን ከእህቴ ተቀብላ፣ ከነሞገድ መለኪያው ቤት አስቀምጣ፣ ወንበሩን ልታስተካክል ወደ ቢሮ ተመለሰች። "አደራ እማዬ፣ ውኃ እንዳይነካው።"

ውኃ አልነካውም።

ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ቦርሳው ውስጥ ያለው ንድፍ አሥራ ሁለት ዙር ይላል። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። በእርሳስ ጫፍ እየነካሁ ደገምኩ። አሥራ አንድ። መለኪያውን አገናኘሁ። አንቴናው ምላሽ መስጠት ያለበት 13.6 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። የሰጠው 14.8 ላይ። ሬዲዮ ከጣቢያው አሳልፎ እንደ መክፈት ነው።

ልቤ ዘለለ። በድንጋጤ ግን አይደለም።

ስልኩ አጠገቤ ነበር። ብደውል እህቴ መጥታ ታስተካክለዋለች፣ ይሳሳቃሉ፣ አለቀ። አልደወልኩም። ቦርሳው ውስጥ ትራፊ ክር ነበር። የውጪውን ጫፍ ፈትቼ አሥራ ሁለተኛውን ዙር ሰፋሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ለካሁ። 13.6። ልክ!

ነገ ሲሳካ እነግራታለሁ። በሰው ፊት አይደለም፤ እራት ላይ፣ ቀስ ብዬ። "ለመሆኑ አክስትሽ አንድ ዙር ዘላ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

ጥር 28፣ ረቡዕ

አልሠራም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ትናንት ከገባች ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ዛሬ ቁርስ ላይ ተናገረች። ለሙከራ የመጣው ሰውዬ ለብሶ ተቀመጠ፣ ተደገፈ፣ አንባቢዋ ጭጭ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ።

"አሥራ ሁለት ዙሩ ነው የመጣው እማዬ። አክስቴ ተምታቶባት የድሮውን ሰጠችኝ።"

"የድሮው ማለት?"

"መጀመሪያ እንደ ንድፉ አሥራ ሁለት ነበር የሰፋነው። ጠረጴዛ ላይ ግሩም፤ ሰው ሲለብሰው ድርግም። የሰው ገላ እኮ ጨዋማ ውኃ ነው፣ ሲጠጋው ልኬቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። 'ልብስ የሚለካው ሰው ላይ ነው፣ ከሰፋ ይጠባል፤ አንድ ዙር እንቀንስለት' ያለችው አክስቴ ናት። ቀነስን፣ ሠራ። ሌላ ንድፍ እንኳ አልሣልኩም፣ እጇ ያውቀዋል ብዬ።"

ዳቦ ላይ ማር እየቀባሁ ነበር። መቀባቴን ቀጠልኩ።

"ከማንበባችሁ በፊት ከሽቦው ራቁ፣ ገላችሁ ልኬቱን ያበላሻል።" ይኼን ለተማሪዎቼ ስንት ሺህ ጊዜ ብያለሁ? ስለዚህ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነበር ጠረጴዛ ላይ የለካሁት። ሰደርያ... ጠረጴዛ ላይ!

አልነገርኳትም። ይባስ ብሎ "አክስቴ ተምታቶባት" ስትል ውስጤ ትንሽ ደስ አለው። ይኼ ደብተር ባይኖር ይኼን ለማን እናገር ነበር?

የካቲት 3፣ ሰኞ

እህቴ ጋ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋ ተሸፍኗል።

"እትዬ፣ እኔ እኮ የድሮውን ሰደርያ ፈትቼዋለሁ፣ ክሩን ለልምምድ። በደንብ ትዝ ይለኛል። ማለቴ... ትዝ የሚለኝ እንደዚያ ነው። ለካ የፈታሁት ደህናውን ኖሯል።"

"ሰው ይሳሳታል" አልኩ። ይኼንኑ አልኩ።

"እናታችንም እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ቁልፏን ረሳች፣ በኋላ እኛን።" የመኪናውን ሽፋን ጫፍ ሳብ አደረገች። "ሐሙስ የነርቭ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። ለልጅቷ እንዳትነግሪብኝ።"

ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እጄን እንደ ሕፃን ያዘችኝ። ያዝኳት እኔም። አፌ ግን አልተከፈተም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ሌላ ዕድል ሰጠ። ለየካቲት 17። መሥሪያ ቤቱም እስከዚያ ይጠብቃል። እህቴ ግን "ከእንግዲህ ያንን ክር አልነካም" ብላለች።

ልጄ ከሥራ ገብታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ አንቺ ጠንቃቃ ነሽ። አንቺ ስፊልኝ።"

እሺ አልኩ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አዲስ ሰደርያ። አራት ዙር ሰፋሁ። ልጄ ክር እያቀበለችኝ ስለ ሥራዋ ታወራለች፣ ትጠይቀኛለች፣ የምመልሰውን ትጽፋለች። ከዚህ ሌላ ምን ፈልጌ ነበር? ምንም። በትክክል ይኼንን።

አምስተኛው ዙር ላይ መርፌው አልሄድ አለኝ። ነገ ሐሙስ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

እህቴ ሐኪም ቤት ለመሄድ ስትለብስ ደረስኩ። ያልሠራውን ሰደርያ ከልጄ ክፍል ይዤ ነበር። አልጋው ላይ ዘረጋሁት።

"የመጨረሻውን ዙር እዪው።"

መነጽሯን አደረገች። በጣቷ ዳሰሰችው። "ይቺ የኔ እጅ አይደለችም።"

"የኔ ናት።"

ሁሉንም ነገርኳት። ንድፉን፣ እርሳሱን፣ ያልደወልኩትን ስልክ። 

"አልጠፋሁም ማለት ነው?" አለች።

"አልጠፋሽም።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ በሰደርያው መታችኝ። እውነቴን ነው፣ ሁለት ጊዜ። "ስምንት ቀን እትዬ! ስምንት ቀን የጎረቤቶቼን ስም ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ራሴን ስፈትን! ለምን?"

ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይኼ ደብተር እሱን ብቻ ነው የያዘው። አፌ ግን "እንደ ንድፉ እንዲሆን ብዬ ነው" አለ።

"እሱን ለተማሪዎችሽ አውሪያቸው።" አፍንጫዋን ጠረገች፣ ስፌቱን እንደገና አየችው። "ደግሞ እኮ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።"

የካቲት 7፣ ዓርብ

ለልጄ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

"አክስቴን ስወቅስ ፊቴ ተቀምጠሽ ነበር እኮ። ማር ትቀቢ ነበር።"

አዎ።

ሻንጣ አዘጋጅታ አክስቷ ጋ ሄደች። የሰፋሁትን አራት ዙር ፈትታ፣ ክሩን ጠቅልላ ይዛ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

እህቴ ደወለች። "ነይ፣ የምለካበት ጀርባ ፈልጌያለሁ። ሕመምተኞቹ በኛ ዕድሜ ናቸው፤ የልጅሽ ጀርባ ቀጥ ያለ ነው፣ አያዋጣም።"

ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ልጄ መለኪያውን ይዛ ቁጥር ትናገራለች፤ ለኔ አይደለም፣ ለአክስቷ።

"እትዬ፣ አትነቃነቂ።"

"መተንፈስስ?"

"ስንቱን ልጅ ትንፍሽ እንዳይል ስታደርጊ ኖረሽ፣ ራስሽ አቃተሽ?"

ልጄ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዞረች።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሰደርያውን ሊለብስ የነበረው ሰው ቀረ። እህቴ "ልኬቱ የሷ ነው፣ እሷ ትቀመጥ" ብላ ከውጭ አስጠራችኝ፤ ቀድሞ የልጄ ቢሮ በር ላይ ቆሜ እንድጠብቅ ነበር የተስማማነው። ልጄ "ምንም እንዳትነኪ" አለችኝ። ከዓርብ ዕለት ወዲህ በቀጥታ ለኔ የተናገረችው ይኼን ብቻ ነው።

ለበስኩ። ተቀመጥኩ። ተደገፍኩ።

አንባቢዋ ነቃች። ስክሪኑ ላይ 74። ሐኪሙ ተነሥቼ እንድቀመጥ፣ ዘንበል እንድል፣ እጄን እንዳነሣ አዘዘኝ። አልጠፋችም። "ለአርባውም ይሠራ" አለ። ልጄ እልል አለች! በወንበሬ አጠገብ አልፋ አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

"አክስቴ! ያንቺ ነው እኮ! ያንቺ!"

81። 90። 97።

ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "እናቴ፣ ያምዎታል?"

"አያመኝም።"

"ልብዎ እኮ እየሮጠ ነው። ምን ሆነው ነው?"

 ሁሉም መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ከዚያ እኔን አየ። ልጄ ከአክስቷ ትከሻ ቀና አለች።

"ቀንቼ ነው" አልኩ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚሞላው ግራ ገብቶት። እህቴ ናት ያዳነችው። "ጻፈው ዶክተር። መሣሪያው አልተሳሳተም።"

ሰዉ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ በርከክ አለች፣ ምንም ያልሆነውን የሰደርያውን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረችው። ቀስ ብላ ነው ያሰረችው።

ስክሪኑ ከጎኔ ነበር። ቁጥሩ ስንት እንደደረሰ አላየሁም።