ጅቡቲ ላይ ጎን ለጎን የሄድን ቀን

ሽብሬ፣ የቤቴ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ? መልስ እንደማላገኝ ባውቅም ሳልጠይቅህ መጀመር አልሆነልኝም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም ያለአንተ መጥቶ ሄደ። ይህን የምጽፍልህ አንተ እየገፋፋህ ማታ ትምህርት ባስገባኸው እጄ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ሱቃችን ክፍት ነው። ደንበኞችህ መጀመሪያ ሰሞን አላመኑኝም፤ ለክቼ የሰጠኋቸውን አቡጀዲ እፊቴ ዘርግተው በክንዳቸው ደግመው ይለኩ ነበር። እኔም ሲጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አንድም ቀን ጎድሎባቸው አያውቅም። አሁን ትተውታል። የጓዳው ጣራ በክረምቱ አፍስሶ ስላስቸገረ አናጢ ጠርቼ ቆርቆሮውን አስለወጥኩ። ልጃችን አስካለ ቁመቷ እኔ ትከሻ ደርሷል። ስትናደድ ቅንድቧን የምታነሳው ነገር ያንተው ነው፣ ከእኔ አልወረሰችውም።

ሌላው ወሬ ግን አያምርም። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ በርጋ ከጥያ ሽማግሌ እየያዘ ይመላለሳል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷልና የሙት ዓመትህ ተዝካር እንደወጣ ሊወርሰኝ ይፈልጋል። ሱቁ ይሸጥ፣ አስካለም ከትምህርት ትውጣ፣ ሁለታችንም ገጠር ገብተን እንሰት እንፋቅ ይላል። ወንድ ልጅ ብወልድለት ባንተ ስም ይጠራል፣ ያኔ ስምህ ከምድር አይጠፋም ነው የሚለው። እስካሁን ሲናገር ዝም ብዬ ሰማሁት። አክብሮት መስሎታል። ዝም ያልኩት ንዴቴ እስኪበርድልኝ ነበር፣ አልበረደም።

በዚህ ሁሉ መሃል እየመጣ ፊቴ የሚደቀነው የጅቡቲው ቀን ነው። ጨርቅ ልንገዛ በባቡር ወርደን፣ ነጋዴው ለቀትር እረፍት መደብሩን ዘግቶ ስላገኘነው ከተማውን በእግራችን ለማየት የወጣን ቀን። ያ ሙቀት! እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ፣ አንተ ኮትህን አላወልቅም ብለህ ላብህ በአገጭህ እየወረደ። ነጫጮቹን ቤቶች፣ ቅስት ቅስት ያለውን በረንዳቸውን፣ በየጥላው ጋደም ያሉትን ሰዎች እያየን ሄድን። አንተ ከፊት፣ እኔ እንደ ወጋችን ብዙ እርምጃ ከኋላ። እናቴ ከአባቴ ኋላ ነው የኖረችው፣ ሌላ አካሄድ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ያ መለዮ ያደረገ ዘበኛ ክንዴን ሲይዘኝ ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ። በማላውቀው ቋንቋ ይጮህብኛል፣ ጣቱን ወዳንተ ይቀስራል። አንተ ዞር ብለህ ስታይ ሮጠህ መጣህ። ደግነቱ አማርኛ የሚያውቅ የድሬዳዋ ዕቃ ተሸካሚ እዚያው ጥላ ስር ተቀምጦ ነበርና ነገሩን አስረዳን። ለካ ዘበኛው ሴትየዋ ይህን ሰውዬ ከመንገድ መንገድ ትከታተለዋለች፣ ወይ ለማኝ ናት ወይ ኪስ አውላቂ ብሎ ነው። ሚስቴ ናት አልከው። ዘበኛውም እጁን ከክንዴ አንስቶ፣ ሚስትህ ከሆነች ታዲያ ለምን ከኋላህ ትሄዳለች ብሎ አስጠየቀህ።

ከዚያ መንገድ ስንጀምር ቆመህ ጠበቅከኝ። እኔ ደግሞ አንተ ስትቆም ቆምኩ። ፈረንጅ ያየን እንደሆነ ምን እንዳለ እንጃ፣ ሁለታችንም መሃል መንገድ ላይ እንደ ግዑዝ ተገትረን ነበር። በመጨረሻ እጄን ይዘህ ጎንህ አሰለፍከኝ።

ወደቡ ድረስ እንዲያ ሄድን። ባሕሩ ጨው ነው ቢሉኝ አላምን ብዬ በጣቴ ቀመስኩት፣ እስከ ማታ ከአፌ አልለቀቀም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ያመጣነውን ቆጮ አወጣን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከጠበሰው ሲያካፍለን እኛም ከቆጯችን ቆርሰን ሰጠነው። ምስኪን፣ ላለማስቀየም ሲል ያንን ቁራሽ ሲያላምጥ ሲያላምጥ፣ አንተ ሳቅህን ለመደበቅ ወደ መርከቦቹ ዞርክ። ተጋብተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያን ቀን ያህል ያወራን አይመስለኝም። ከኋላህ ስሄድ ምን ልነግርህ ኖሯል? ለጀርባ ወሬ አይነገርም።

ባዕድ አገር ያደረግነውን ባዕድ አገር ትተነው እንመጣለን ብዬ ነበር። አንተ ግን ቡታጅራ ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ እኔ በልማዴ ወደኋላ ስቀር ቆመህ ጠበቅከኝ። ያ ሁሉ ገበያተኛ እያየ ጎን ለጎን ቤታችን ገባን። ጋሽ በርጋ ሰምቶ መጥቶ ሚስትህ ነዳችህ አለህ። አንተ መንገዱ ለሁለት ሰው ይበቃል ብለህ ጠጅ ቀዳህለት። ከዚያ በኋላ ከኋላህ ሄጄ አላውቅም። በቀብርህ ዕለት እንኳ ወደኋላ ሁኚ ብለው ነጠላዬን ሲጎትቱ፣ ነጠላውን እጃቸው ላይ ትቼ ከሳጥንህ ጎን ሄድኩ። አፈሩብኝ። እኔ አላፈርኩም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጨረሻ ቃሌን ሊሰሙ ይመጣሉ። ለእነሱ ከመናገሬ በፊት አንተ ስማ። አልወረስም። ሱቁን አልሸጥም። በደንብ ተቀብዬ አበላቸዋለሁ፣ በወግ እሰማቸዋለሁ፣ ከዚያም እንቢ እላቸዋለሁ። ቢረግሙኝ አሜን አልልም። ሰው እንዳይደርስላት ቢሉ ደግሞ የኔን አቡጀዲ ሳይገዙ ሠርግና ልቅሶ እንዴት እንደሚውሉ አያለሁ። ናፍቀኸኛል ሽብሬ፣ አልጋው ይሰፋኛል፣ ይህንንም አልደብቅህም። ግን የናፈቀኝ አንተ ነህ፣ አንተን የመሰለ አይደለም።

ስምህ እንዳይጠፋ ብለው ለሚጨነቁትም መልስ አለኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ እረሳህ ይሆናል ብለህ አትስጋ፣ ከእኔም በኋላ ቢሆን ገና ያልተወለደ ወንድ ልጅ አንጠብቅም። እዚህ ቡታጅራ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት መምህሩ ስም ሲጠራ አስካለ ሽብሩ ይላል። ልጅህም ብድግ ብላ አቤት ትላለች።

ያንተ እንጂ የማንም ያልሆነችው
ሚስትህ ብርነሽ