ከነላስቲኩ የተተከሉት

ቢቸና፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለእኅቴ፣ ሞጣ

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ቁርጥማቱ ጉልበትሽን ተወት አደረገልሽ? እኔ ከብርዱና ከስብሰባው በቀር ደኅና ነኝ። መሠረተ ትምህርት ጨርሰሻልና ይህን ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት አታስነብቢ።

ልጅሽን ፋንታን ከነአደራሽ ተቀብያለሁ። በፈቃዱ ችግኝ የሚተክል ወጣት በዚህ ዙር ለውትድርና አይመለመልም ብሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቃል ስለ ገባ፣ በማግሥቱ እኔ በምመራው ቡድን አስመዘገብሁት። ልጅሽ ሥራ አይጠላም። አርባ ችግኝ ብቻውን ተከለ፤ አርባውንም ከነላስቲኩ። ላስቲኩ ተቀዶ እንደሚወጣ ማንም አላሳየውም ነበር። ማሳየት የእኔ ሥራ ነው።

ጠጋ ብዬ ልነግረው እችል ነበር። ግን ስልሳ ሰው ቆሟል፤ ስልሳ ሰው አግኝቶ ዝም የሚል አንደበት ደግሞ አልተሰጠኝም። «ኑ እዩ! የሞጣው ሊቅ ዛፉን ገንዞ ቀበረው!» አልሁ። አንዱ ተቀብሎ «ፍትሐቱንስ ማን ያድርስ?» አለ። ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ። አርባውንም በእጁ አስነቀልሁት፤ ላስቲኮቹንም በገመድ ሰክቼ አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት፣ ለትምህርት ያህል።

የቡድናችን አሮጊት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ብቻ አልሳቁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አምና አንተን እንዲህ አድርጌህ ነበር?» አሉኝ። የአምናውን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ፋንታ ከዚያ ወዲያ ቀረ። ና እንጂ ስለው «አጎቴ፣ ከሚስቁብኝ የሚተኩሱብኝ ይሻሉኛል» አለኝ። በዚህም ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ታጣቂዎቹን አስከትሎ መጣና «ይህ ፋንታ የሚሉት የእናንተ ነው?» አለኝ። «ነው» ብል ይበቃ ነበር። መዝገቡ ግን እጄ ላይ ነው፤ ስሕተት እንደማልወድም ታውቂያለሽ። «ሦስት ቀን ቀርቷል» አልሁት።

ሐሙስ ከሌሎቹ ምልምሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ደጀን ወሰዱት። ጋቢዬን ብሰጠው አልተቀበለኝም። መኪናው ሲነሣ ብቻ ዞር ብሎ፣ «ለእናቴ ጥሩ ይተክል ነበር ብለህ ጻፍላት» አለኝ።

ይኸው ጻፍሁ።

የፍልሰታዋ እመቤት ታጽናሽ፤ እሱንም ካለበት ትጠብቅልሽ። እኔን መርገም ካማረሽ ጾሙ እስኪፈታ ታገሺኝ።

አደራ የሰጠሽው ወንድምሽ