የናፍጣው ማንደጃና የደጊቱ ዓይን

ንፋስ መውጫ፣ ሰኞ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ቢሻው አበጀ፣ የወረዳችን ገዥ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ትሑት አገልጋይዎ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አስማረ ሌላውን ሰላምታ ሁሉ ከማቅረቤ በፊት ራስ ምታትዎ ለቀቅ አድርጎዎት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከደብረ ታቦር በተመለሱ ዕለት ግንባርዎን በሻሽ ጠፍረው፣ ሾፌርዎን ይርጋን ተደግፈው ከመኪናዎ ሲወርዱ አይቼ ከልቤ አዝኜ ነበርና፣ ጉልበትዎን፣ ሆድዎን፣ ከሁሉም በላይ እስትንፋስዎን አምላክ እንዲጠብቅልን በየማኅሌቱ አሳስባለሁ። እኔ የምኖረው በሣር ቤት ስለሆነ እስትንፋሴ እስካሁን ደኅና ነው።

አባቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብለዋል። እርስዎም ንጉሥ ባይሆኑ የንጉሥ ሹም ነዎትና ይህ ጽሕፈት ክስ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ምስጋና ደግሞ በጓዳ ሲቀርብ ስለማያምር፣ አንዱን ቅጂ ለእልፍኝ አስከልካይዎ ሰጥቼ ሌላውን በቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው ሲመጣ ቆሜ አነብለታለሁ።

፩ኛ። በመጀመሪያ የማመሰግንዎ ያንን በእጅ የሚንጠለጠል፣ ናፍጣ የሚጠጣ የብረት ማንደጃ ከአስመራ አስመጥተው የጋይንትን ሰው ከድንቁርና ስላወጡልን ነው። እስካሁን በጉና ሥር የምንኖር ሰዎች ብርድን የምንከላከለው በበርኖስ፣ በደበሎና እርስ በርስ ተጠጋግቶ በመተኛት ነበር። ማንደጃዎ አመድ የለው፣ ጭሱ ለዓይን አይታይ፣ ፍም ይቀሰቅስ ዘንድ ሰው አይፈልግ፤ ሽታው ብቻ ትንሽ ጉሮሮ ይይዛል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም ተብሎ በአደባባይ ሲነገር ሰምቻለሁ። ይህንኑ ማንደጃ ከላንድሮቨርዎ የኋላ ወንበር ሥር አስቀምጠው፣ ንፋስ እንዳይመታዎ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ በበሩ ስንጥቅ የምትገባውን ትንሽ ንፋስ እንኳ በበርኖስ ጠቅጥቀው መጓዝ መጀመርዎ የሚደነቅ ጥንቃቄ ነው። ንፋስ እንደሚመታ ከእናቶቻችን ተምረናል፤ እኔም እግሬን ታጥቤ በር ከፍቼ አልቀመጥም። ንፋስ የሌለበት ቤት ምን እንደሚመታው ግን ያስተማረን አልነበረምና፣ ያንን ትምህርት ያገኘነው ከእርስዎ ነው።

፪ኛ። በከተራ ዕለት ለበላይ ጌታዎ እጅ መንሻ ይሆኑ ዘንድ ከገበሬው የተሰበሰቡትን ዶሮዎች በቀርከሃ ቅርጫት አድርገው፣ ከማንደጃው አጠገብ አስቀምጠው ወደ ደብረ ታቦር መነሣትዎን አገር ያውቃል። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ቅርጫቱ ሲከፈት ዶሮዎቹ አንድም ሳይቀር ሞተዋል። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ ላባ እንኳ አልተነጨ። ሾፌርዎ ይርጋ የእህቴ ልጅ ስለሆነ የነገረኝን እዚህ ብጽፍ አይቀየሙኝ። መንገድ ላይ ጉልበቱ እየከዳው፣ ራሱ እየዞረበት መኪናውን እያቆመ ሲያስታውክ ነበር። እርስዎም እንቅልፍ እየጣለዎ አንገትዎ ደረትዎ ላይ ይወድቅ ነበር ይላል። ልብ ያድርጉልኝ፣ ይርጋ ለማስታወክ በሩን በከፈተ ቁጥር እርስዎም ነቃ ይሉ ነበር። እንግዲህ ያንን ቀን እርስዎን ለወረዳችን ያተረፈልን የይርጋ ሆድ ነውና፣ ሹመት ሲሰጡ ሆዱን እንዳይረሱት አደራ እላለሁ።

፫ኛ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥፋተኛውን ያገኙበት ፍጥነት አስደንቆኛል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት በገበያው ዳር ቆሞ ሳለ ሸክላ ሠሪዋ ደጊቱ ገንቦዋን ተሸክማ ስታልፍ በመስታወቱ አየት አድርጋ፣ አቤት ዶሮዎቹ ሲያምሩ ማለቷ ትዝ አለዎት። እግዜር ይጠብቃቸው ብላ አልመረቀችም፤ ያማረን ነገር አይቶ ሳይመርቁ ማለፍ በአገራችን ምን እንደሚያሰኝ ሁላችንም እናውቃለን። ሸክላ ሠሪ መሆኗ ተጨመረበትና ነገሩ አለቀ፤ ቡዳ ናት፣ ዶሮዎቹን የበላው ዓይኗ ነው ተባለና ታሰረች።

ስለ ደጊቱ የማውቀውን ልናገር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። የጠበላችንን ጋን የሠራችው እሷ ናት፤ ያንን ጠበል እርስዎም ጠጥተውታል፤ ከዚያ ጋን ጠጥቶ የሞተ ሰው አላውቅም። ገበያ ስትወጣ ሰው ልጁን በነጠላ ይሸፍንባታል፤ እሷም ለምዳው አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የዚያን ዕለት ቀና ብላ ዶሮ ማድነቋ ምን አግኝቷት እንደሆነ እንጃ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችኝ ሰው ነኝ፤ ሰይጣን እንዳለ አምናለሁ፤ ነገር ግን ሰይጣን ሥራ ፈትቶ የሹም ዶሮ ሲጠብቅ በመጽሐፍ አላገኘሁም። በወጣልን አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ስለ ዓይን የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ፤ ምናልባት የእርስዎ ቅጂ ከእኔ የበለጠ ገጽ ይኖረው ይሆናል።

፬ኛ። ደጊቱ በወህኒ ሳለች ማንደጃውን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አስገቡት። ያ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስፋቱ የአንድ በሬ ማደሪያ የሚያህል፣ መስኮቱም በጋዜጣ የታሸገ ነው። ጸሐፊዎ አቶ አዳነ የደጊቱን የክስ ጽሑፍ ሲገለብጥ ብዕሩ ከእጁ ወድቆ በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ወደ ደጅ አውጥተው ሣር ላይ ሲያስተኙት ነፍሱ ተመለሰች። እርስዎም ይህንን ነገር ሳያባክኑ በዚያው ክስ ላይ አስጨመሩት፤ ሴትዮዋ በወህኒ ግድግዳ አሻግራ ጸሐፊ ልትበላ ነበር ተባለ። ያልበላችው ምን እንደሆነ ሳስብ እገረማለሁ፤ በወህኒው ምግብ ከስታለችና።

፭ኛ። እኔም ደፈር ብዬ ከእርስዎ ፈቃድ በማግኘት ያደረግሁትን ፈተና ይቅር ይበሉኝ። ፈቃዱን የሰጡኝ ሊስቁብኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰጥተውኛል። የራሴን ዶሮ፣ ደጊቱ በዓይኗ አይታት የማታውቀውን፣ ከቤቴ አምጥቼ በመኪናው ውስጥ አስቀመጥሁ። ይርጋ ማንደጃውን ለኩሶ በሩንና መስኮቱን ዘጋ። ደጅ ቆመን በመስታወቱ አየናት። አልጮኸችም፣ ክንፏን አላርገበገበችም። ዓይኗን ከደን ገለጥ እያደረገች እንደምትተኛ ዶሮ ቁጢጥ አለች፤ ቀጥሎ አንገቷ ዘንበል አለ፤ በሩን ስንከፍተው ሞታለች። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን እኔ ያየሁት በዚያች ዶሮ ነው። ዘብዎ ደምሌም አብሮን ቆሞ አይቷል፤ አማትቦ ሄደ።

የከሰል ፍም አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው እንደማይነሣ ያልሰማ በአገራችን የለም። በሣር ቤት ግን ጭሱ በክዳኑ እየተነፈሰ ይወጣልና ስንት ዘመን ስናነድ ኖረናል። መስታወትና ቆርቆሮ አይተነፍስም። የናፍጣውን ማንደጃ እንደ ምድጃችን ቆጥረን፣ መኪናውን እንደ ጎጇችን ቆጥረን ነው የተሳሳትነው። እኔም ራሴ ዶሮዋ እስክትሞት ድረስ እርግጠኛ አልነበርሁምና ስሕተቱን ለእርስዎ ብቻ አልተወውም። ይህንኑ ለእርስዎ ባመለክት የተሰጠኝ መልስ፣ ዓይኗ ግድግዳ ይሻገራል የሚል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ትዝ ቢለኝም፣ ስለ ሹም የተተረተ አይደለምና እዚህ ላይ አልጠቅሰውም።

፮ኛ። አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ነገር ላይ ደረስሁ። ነገ ማግሰኞ ደጊቱ ለፍርድ ወደ ደብረ ታቦር እንድትሄድ ታዟል። የምትሄደው በዚያው መኪና ነው። የምትቀመጠው ዶሮዎቹ በተቀመጡበት በኋላው ነው። ብርድ እንዳይነካት በቸርነትዎ ማንደጃው ከእግሯ ሥር እንዲነድላት አዝዘዋል። እጇ ይታሰራል። ዓይኗ ሰው እንዳይበላ በጨርቅ ይሸፈናል። ከእሷ ጋር በኋላ የሚቀመጥ ዘብ የለም፤ ደምሌ ከዓይኗ ሸሽቶ ከእርስዎና ከይርጋ ጋር በፊት ወንበር ይጨመቃል።

ከሁሉም የከፋው ለደምሌ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ቡዳ ሲጨንቀው ይለፈልፋል፤ በመንገድ ላይ ብትጮህ፣ ብታለቅስ፣ ብትለምን ጆሮህን አትስጣት ተብሏል። እንግዲህ ራሴን አመመኝ ብትል መንፈሱ ነው። ትንፋሽ አጠረኝ ብትል መንፈሱ ነው። በሩን ክፈቱልኝ ብትልማ ማምለጥ የፈለገው መንፈሱ ነው። ዝም ስትል ደግሞ መንፈሱ ለቀቃት ይባላል። ዶሮዎቹ ስለማይናገሩ ሞቱ፤ ይህች ሴት አፍ እያላት እንደ ዶሮ ልትሞት ነው። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ይህን ሳሾፍ የጻፍሁት አይደለም።

ስለዚህ ከማመስገኔ ጋር አንዳንድ ልመና ልጨምር። በእግሯ ትሂድ፤ እኔ ስንቅ ይዤ ጉናን አብሬያት እሻገራለሁ፤ ጠፍታ ብትገኝ እኔን ይሰሩኝ፤ ዋስ ነኝ። ይህ የማይሆን ከሆነ ማንደጃው ይቅርና በርኖሴን ትልበስ። ይህም ካልሆነ አንዱ መስኮት እጅ በሚያሾልክ መጠን ይከፈት፤ ንፋስ ቢመታዎ ጎመን ዘር ቀቅዬ ለማጠጣት ዝግጁ ነኝ። የዓይኗን ኃይል በእውነት ማወቅ ከፈለጉም መንገዱ ቀላል ነው፤ ማንደጃውን እዚህ ትተው እሷን ከቅርጫት ሙሉ ዶሮ ጋር ይውሰዷት። ዶሮዎቹ ቢሞቱ እኔ ራሴ ገመዱን አመጣለሁ። ግድግዳ የሚሻገር ዓይን ያላትን ሴት ከጀርባዎ አስቀምጠው ጉናን የሚያህል ተራራ ለመውጣት መድፈርዎን ግን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ዓይኗን ቢያምኑበት ኖሮ ይህን አያደርጉትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ በላይ በመጻፍ ውድ ጊዜዎን እንዳላባክን፣ ብርድ የማይደፍረዎ፣ ንፋስ የማይነካዎ፣ እውነትም በስንጥቅ እንኳ ሾልካ የማትገባብዎ ጌታዬ ሆይ፣ በትሕትና መሬት ስሜ፣ በፍርሃትም ቆሜ፣ በንፋስ መውጫ ካህናት መካከል አነስተኛ የሆንሁት

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አስማረ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን የምጨምረው ማግሰኞ ጠዋት፣ በደጀ ሰላሙ በር ላይ ባለው ቅጂ ላይ ነው። የመኪናዎን የኋላ መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ እንዳገኙት ሰምቻለሁ። የሰበርሁት እኔ ነኝ። ይርጋ አያውቅም፣ ደምሌም አያውቅም፣ ማንንም እንዳይገርፉ። ያች ቀዳዳ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ትበቃታለች ብዬ ነበር። መኪናው በደጄ ሲያልፍ ግን አየሁት፤ ቀዳዳው ላይ እርጥብ የበሬ ቁርበት አስወጥረው፣ ዳር ዳሩን በጭቃ አስመርገውታል። ደጊቱ ዓይኗ ተሸፍኖ ከኋላው ተቀምጣለች። ስሟን ጠርቼ ጮኽሁ፤ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች፤ የፊቱ መስታወት ዝግ ስለነበር እርስዎ የሰሙኝ አይመስለኝም። አሁን ልብሴን ለብሼ፣ ለሰንሰለቱ እጄን አጥቤ ደጄ ላይ ተቀምጫለሁ። የመንግሥት መኪና የሰበረን ሰው ማሰር የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎትና፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎን መንገድ ላይ አይተኙ፤ ተመልሰው ይሰሩኝ።