ለወንድሜ ያልቀላችው ነጥብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ዓይንዎም ቀለም ሁሉ የሚለይ ይሁንልኝ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ስህተት አይቶ ማለፍን ስላልተማርኩ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መጠበቂያ አዳራሽ ስላሰቀሉት ሰፊ ስክሪን አመሰግናለሁ። ድሮ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ የታማሚውን ስም ትጠራ ነበር፤ ዛሬ ለጸጥታ ሲባል ከየታማሚው ቁጥር አጠገብ አንዲት ክብ ነጥብ ትበራለች። አረንጓዴ ከሆነች ይጠብቁ፣ ቀይ ከሆነች ቤተሰብ በአስቸኳይ ይግባ ማለት ነው። ጸጥታው በእርግጥ ተገኝቷል።

ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴን አይለይም። ባለቤቱ ቁጥር አስራ ስድስት ሆና የገባች ዕለት፣ ሻርፗን አጣጥፎ ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ እንኳ ሳይነሳ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ጠበቃት። ነጥቧ ከቀላች በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ያችኑ ነጥብ ሲመለከት ቆየ። በመጨረሻ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት፣ «አባባ፣ አስራ ስድስት የእርስዎ አይደለም እንዴ? ቀይ ከሆነ እኮ ቆየ!» አለችው። ሲደርስ አርፋ ነበር። ነቅታ «መጣ?» እያለች ወደ በሩ ታይ እንደነበር ነርሷ እያለቀሰች ነግራዋለች፤ እሷን አልወቅስም።

ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎ ይህንኑ ሄጄ ሳስረዳቸው «ቀይ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ፣ እማማ?» ብለው ስለጠየቁኝ ውለታቸው አለብኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚጠይቀኝ ተማሪ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ መልሱም እነሆ።

ወንድሜ ተማሪዬም ነበር። ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ስመልስለት ያንኑ ስህተት ደግሞ ያመጣል። «እትዬ፣ የቱ ጋ ነው?» ሲለኝ የሚያሾፍብኝ እየመሰለኝ፣ ዓመት ሙሉ መዳፉን በማስመሪያ መታሁት። የእኔ ቀይ ለእሱ ከራሱ ጥቁር ጽሕፈት እንደማይለይ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ከየእርማቱ ጎን «ስህተት» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ቃል ናት፤ እጄን አላደከመችውም። ያቺን መዳፍ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ እርስዎም ቁጥር አስራ ስድስትን የሚረሱ አይመስለኝም ብዬ ላክብርዎ።

እንግዲህ ቀለሙ ይነሳ አላልኩም፤ ያማረ ነው፣ ይቆይ። ከጎኑ «ይግቡ» የሚል ቃል ይጻፍ፣ የነጥቧም ቅርጽ ይለወጥ፣ ጸጥታውን ካላደፈረሰብዎ ደግሞ አንድ ሰው ወጥቶ ስም ይጥራ።

የስክሪንዎን ድምቀት የማደንቅ፣ የሟቿን ሻርፕ አጣጥፎ ከማይጨርስ ወንድሜ ጋር የምኖር፣
አሮጊቷ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ አስቀድሞ በድረ ገጽዎ የሚገኘውን የቅሬታ ቅጽ ሞልቶ ነበር፤ ቅጹ ሦስት ጊዜ «በቀይ የተመለከተውን ያስተካክሉ» ብሎ መለሰበት። ይህን ደብዳቤ በጥቁር ቀለም የጻፍኩት ስለዚህ ነው። አንብቦ አንድ ቦታ ብቻ አረመኝ፤ ነርሷ ከመዝገቡ አይታ የነገረችውን ይዞ፣ «አርባ አምስት» ያልኩትን ሰርዞ «አርባ ሰባት» ብሎ ጻፈበት።