እጃችንን በአየር ስለታጠብንበት ሥልጠና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምግብ ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ሆድዎ? የእኔን ከጠየቁኝ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ሳልደገፍ መቆም ችያለሁ። የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ መሥሪያ ቤትዎ ከምግብ የሚመጣ በሽታን ስለመከላከል ካሠለጠናቸው ሠላሳ ሁለት የወጥ ቤት ሠራተኞች መካከል፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንገቱን ሲነቀንቅ የዋለው ራሰ በራ እኔ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋናዬ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩ኛ. ስለ እጅ አስተጣጠብ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከአዳራሹ ቧንቧ ውሃ ጠብ ስለማይል አሠልጣኛችን ውሃ እንዳለ አስቡት አሉንና ሠላሳ ሁለት ጎልማሶች ሃያ ሰከንድ ሙሉ አየር ስናሽ ቆየን። እኔማ በሐሳቤ ሳሙናም ጨምሬበት ነበር። ከዚያ በዚያው እጃችን ለምሳ ተሰለፍን።

፪ኛ. ስለ ግብዣውም እንዲሁ። ዶሮውና ሩዙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው በሰባት ሰዓት ቀረቡልን። ከበላያቸው የተሰቀለው የመሥሪያ ቤትዎ ፖስተር የበሰለ ምግብ እንዲህ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ በቀይ ቀለም ያስጠነቅቃል። እኔ ያነበብኩት ሁለተኛ ሰሃኔን እየሞላሁ ነው። ሃያ ዓመት ያበሰልኩ ሰው ነገሩ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ነፃ ምሳ ሳይ ዕውቀቴ ሁሉ ጥሎኝ ስለሚጠፋ ነው።

፫ኛ. በዚህኛው እርስዎን አልወቅስም። የተረፈውን ዶሮ በፌስታል ቋጥሬ ለአማቴ ወሰድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን እያወዛወዘ የሚመጣ አማች እያሉ ሲያሙኝ ስለኖሩ፣ በዚያች ፌስታል ስሜን ላድስ ብዬ ነው። ፌስታሉ ግን የምስክር ወረቀት ተሰጥቶ ፎቶ ተነስተን እስክንጨርስ ሌላ ሦስት ሰዓት ወንበሬ ሥር ተቀመጠ። ቤት ስደርስ አሸተትኩት፤ ምንም አይልም አልኩ። ሽታው ያልተለወጠ ምግብም እንደሚያሳምም ያን ዕለት ጠዋት ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አማቴ በልተው መረቁኝ፤ በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ሳይ ፈራሁ፤ ከፍርሃቴም ሐፍረቴ ባሰ። ነርሷ ሥራዬን ስትጠይቀኝ ሹፌር ነኝ አልኳት። አሁን ተሽሏቸው ቤት ገብተዋል፤ ከእጄ ግን ውሃ እንኳ አይቀበሉም።

፬ኛ. የእኛም ወጥ ቤት ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ሳምንቱ ነው። አራት ጊዜ ባመለክት ወጥ ቤቱ ብቁ ነው የሚል ደብዳቤ ከነማኅተሙ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ደብዳቤው ግን ድስት አላጠበልኝም። ሰኞ ሰባ ስድስት ሕፃናት ከዕረፍት ይመለሳሉ። አዋቂ የጣለ በሽታ የአራት ዓመት ልጅን ምን እንደሚያደርግ አሠልጣኙ አስረድተውናል፤ እኔ ደግሞ አማቴ አልጋ ሥር ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ገብቶኛል። ስለዚህ እስከ ሰኞ ውሃ፣ ማለቴ የሚያረጥበው ዓይነት፣ ካልመጣ ምድጃ አላቀጣጥልም። ለዚህ ቢያባርሩኝ ቅር አይለኝም። አንዴ በገዛ እጄ ሰው ታሞብኛል፤ ይበቃኛል።

ወገቤ ገና ስላልጠና ጎንበስ ማለት ቢያቅተኝም በልቡ እጅ የሚነሳዎ፣
በፊርማዎ «እጅግ በጣም ጥሩ» የተባለው ሠልጣኝዎ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ለአለቆቼ አላበስልም ማለቴን ሰምተው የላኳቸው ተቆጣጣሪ ትናንት መጥተው ነበር። ወጥ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው ምንም እንከን የለውም ሲሉ ፈረሙ። እንግዲያውስ እዚሁ ላብስልና ምሳ አብረውን ይብሉ ብላቸው፣ ከቤታቸው ቋጥረው እንደመጡ ነገሩኝ። ወላጆችም ከሰኞ ጀምሮ እንደ እሳቸው እንዲያደርጉ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ።