ሬሳ አይጮህም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሥራ ቀለል ያለ ነበር። ሁለት ሬሳ ብቻ። አጥቤ፣ ገንዤ፣ እጄን ሦስቴ በሳሙና ፈትጌ ወደ ሄቪ ሜታል ባንዳችን ልምምድ ሄድኩ። የምንለማመድበት ጋራዥ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል... ከእኔ ክፍል ጋር ሲተያይ ግን ሽቶ ነው።

ዘፋኛችን ጋኔኑ (ቀን ቀን የሕፃናት ጫማ ይሸጣል) አዲስ ሐሳብ አመጣ። አልበሙ በሙሉ አንድ ታሪክ፣ ዘጠኝ ዘፈን። ሬሳ ክፍል ውስጥ አንዲት ሟች ትነሳና አጣቢዋን ታሳድዳለች። ግጥሙን አነበበልን። "ሬሳው ጮኸ! ግድግዳው ደማ!" ሳቄን ልውጥ ብል አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሬሳ አይጮህም።"

"የሆስፒታል ካርድ ክፍል ተጎልተሽ ስለ ሬሳ ምን ታውቂያለሽ?"

ካርድ ክፍል... ራሴው ነኝ ያልኳቸው። ስድስት ዓመት ሬሳ አጥቤያለሁ ብል ከበሮዬን ማን ይነካዋል? የገዛ አክስቴ እንኳ ከጨበጠችኝ በኋላ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጋኔኑ ፊቱን ነጭ ቀለም ተለቅልቆ መጣ። ለልምምድ! ጊታሪስቱ ደግሞ አንገቱ ላይ አጥንት አንጠልጥሏል። የበሬ፣ ከሥጋ ቤት። ሥጋው በደንብ እንኳ አልተጋጠም። ዝንብ ወረረን። አስፈሪነታችን እስከዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የጋኔኑ አባት ሞቱ። የመጡት ወደ እኔው ክፍል።

በሩን ስከፍት ልጃቸው ቆሟል። ሽርጤን፣ ጓንቴን፣ ቦቴን አየ።

"አንቺ?... አንቺ ነሽ የምታጥቢያቸው?"

"እኔ ነኝ።"

መግባት አቃተው። ኮሪደሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። "ይበርዳቸዋል?" አለኝ፣ እንደ ሕፃን።

"ውሃውን አሞቅላቸዋለሁ።"

አሙቀን አናውቅም። ዛሬ አሞቅኩ። ጺማቸውንም አበጠርኩላቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጋኔኑ ቀብሩ ላይ ሲያመሰግነኝ ሥራዬን ለጊታሪስቱ ነግሮታል። ክፋት አልነበረውም... ግን ዛሬ ያ ጊታሪስት የከበሮ ዱላዬን በመሐረብ ይዞ አቀበለኝ። አጥንት አንጠልጥሎ የሚዞረው ጀግና! ከበሮውን እሱ ይመስል ነረትኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጋኔኑ ግጥሙን ቀዶ መጣ።

"ስታጥቢያቸው ምን ትያቸዋለሽ?"

"ምን እላቸዋለሁ... ትንሽ ዞር በሉልኝ። ይቅርታ፣ ውሃው ቀዘቀዘ..."

ቃል በቃል ጻፈው። አዲሱ ታሪክ የአጣቢዋ ይሆናል አለ።

ጊታሪስቱ ተነሳ። "ይሄ ሄቪ ሜታል ነው ወይስ የሐዘን መግለጫ? ደግሞ እኔ ከእሷ ጋር አንድ መድረክ አልጋራም።"

ጋኔኑ ሄዶ የጋራዡን በር ከፈተለት። ወለል አድርጎ። "በል፣ ብርድ ሳይገባብን ውጣ።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ቀረጻው አለቀ። ጊታሩን ጋኔኑ ራሱ ተጫወተ። ሰባተኛው ዘፈን መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ድምፅ ቀራጺው "እንድገመው?" ሲል በእጄ ምልክት ከለከልኩት። እንዲሁ ይቀጥል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያጓራ ከርሞ፣ ዛሬ ገና ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ከዚያ የሽፋኑ ጽሑፍ መጣ።

"ከስምሽ ስር ምን ልበል? ከበሮ ብቻ?" አለ ጋኔኑ።

አሰብኩ። አክስቴ ታየዋለች... ጎረቤቱ ያየዋል... ይየው!

"ከበሮ መቺና ሬሳ አጣቢ በል።"

"የምርሽን ነው?"

"ጊታሪስቱ ሽፋኑ ላይ ቦታ ለቆልን የለም እንዴ? ፊደሉን ተለቅ አድርገው።"