አንድ ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሱቅ ቀዝቅዟል። ጠዋት አንዷ መጥታ አቡጀዲውን ሁሉ አስዘረጋችኝና "ቆይ ባሌን ልጠይቅ" ብላ ሄደች። ባል እንደሌላት የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙሉ ያውቃል። አጣጥፌ መለስኩ።

ትናንት ከደባርቅ ስንመለስ ወንድሜ አኒስ ኮሶዬ ላይ ማኪናውን አቆመ። ሻይ ካልጠጣ አይነዳም። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወለላ ትባላለች። ግድግዳዋ ላይ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ተሰቅላለች... ሳያት ሻዩን ረሳሁት። አንገቷ ቀጥ ብሎ የቆመ! እኔ የምሠራቸው ሁሉ አንገታቸው ይዘማል። ሽጪልኝ ብላት "አትሸጥም"። እኔ በሠራሁት አዲስ ልለውጥሽ ብላት "አትለወጥም"። ለመንኳት፣ ለመንኳት። አኒስ አፍሮ ወጣ። በመጨረሻ "ልጄ የሠራቻት ናት" አለች። "አሠራሯን አይተሽ ለኅዳር ሚካኤል መልሽልኝ። አደራ።"

ልጅቷ ወይ ተድራለች ወይ ከተማ ትማራለች ብዬ ገመትኩ። አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዓይኖቿን ፈታሁ። ቀኙ ጥቁር ክር፣ ግራው ሰማያዊ። አባቴ ፊት ያለው ነገር ቤት እንዲገባ አይወድም፤ "መላእክት አይገቡም" ይላል። ስለዚህ አሮጌ አሻንጉሊት ባመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ ፊቱን በምላጭ ፈትቼ ነው መደርደሪያው ላይ የማወጣው። ስልሳ አንድ ናቸው። ክሩን ግን አልጥልም፤ በክብሪት ቀፎ አድርጌ ከየት እንደመጣ እጽፍበታለሁ።

ይህቺ የውሰት መሆኗ ትዝ ያለኝ ምላጩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ልማድ። ምንም አይደል... ሁለት ዓይን ነው፤ በአምስት ደቂቃ መልሼ እሰፋዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ስንደዶ ናት! አንገቷ ውስጥ አንድ እስር ስንደዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ልጅቷ ስፌት ከሚሰፋበት ላይ ነጭታ መሆን አለበት። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥጥ ስጠቀጥቅ! አኒስ ስጮህ ሰምቶ መጣ። "ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው፣ ፈህሚያ። በአሻንጉሊት አንገት ይጮኻል?" አለኝ። ይጮኻል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ወለላ ደወለች። "ደህና ነሽ ወይ? እሷስ ደህና ናት?" ሳቅሁባት። እትዬ ወለላ፣ እንደ ሰው ነው እንዴ የምትጠይቂያት?

"ምነው አልጠይቅ? ዝማሬ እኮ ፎቶ እንኳ የላትም።"

ዝማሬ ማን ናት አልኳት። "ልጄ ናታ። የሠራቻት።"

ሳንባ ምች ነው የወሰዳት። በዘጠኝ ዓመቷ። አሻንጉሊቷን ስትጨርስ ጥቁር ክር አለቀባት። "እማ፣ ግራ ዓይኗን በሰማያዊ ላድርገው?" ስትል እናቷ ሥራ ላይ ነበረች። ቀና እንኳ ሳትል "እንዳሻሽ አድርጊው" አለቻት። በሳምንቱ ልጅቷ ተኛች፤ አልተነሳችም። ለኅዳር ሚካኤል ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል። በፎቶዋ ቦታ አሻንጉሊቷን ነው የምታቆማት።

እሺ አልኩ። እሺ ብቻ። ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የክብሪት ቀፎዋን ከፈትኩ። ምላጭ የበላው ክር... አንዱም ከጥፍር አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ ተበትኖብኝ አንድ በአንድ ስለቅም አኒስ አየኝ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብሎ አለፈ።

ከሱቅ ተመሳሳይ ክር አምጥቼ ሰፋሁ። አልሆነም። የኔ ዓይን ቀጥ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ከሱቅ የተገዛ ይመስላል። የልጅቷ ግራው ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ... ነበር መሰለኝ። ፈታሁ። አጣምሜ ሰፋሁ፤ ጠማማነቱ የውሸት ሆነ። ፈታሁ። ደግሜ ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ጨርቁ መሳሳት ጀመረ። አንዴ ብደግም ይቀደዳል። ተይ ፈህሚያ፣ እጅሽን ሰብስቢ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የደባርቅ መንገድ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል አሉ። ደስ አለኝ። ሰው መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ደስ ይለኛል... አስተግፊሩላህ።

ወለላ ደወለች። "እንዳትቀርብኝ ብዬ ሰጋሁ።" ደህና ናት፣ መንገዱ ሲከፈት አመጣታለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መንገዱ ተከፈተ። አሁን ምን ልበል?

ከሱቁ በር እስከ መደርደሪያው ስመላለስ አባቴ ጨርቅ እያጠፈ "ምነው እግርሽ አላርፍ አለ?" አለኝ። ነገርኩት፣ ሁሉንም። ስጨርስ ደግሞ ንዴት መጣብኝ። በእርስዎ ምክንያት ነው! ፊት ያለው አይግባ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?

"አዎ፣ አታምጪ አልኩሽ። ፍቺ መቼ አልኩሽ?"

ጨርቁን ከእጁ ልቀበለው ብል አልሰጠኝም።

"ማምጣቱን መተው ስላቃተሽ ነው የፈታሽው። የኔን ቃል ለማክበር አይደለም።"

እውነቱን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ "አባቴ ስለማይወድ" ስል ኖሬያለሁ። ጨርቁን አጥፎ ጨረሰና "አማና፣ የሰው አደራ በልተሻል" አለኝ። "አማና እንደነበረ ነው የሚመለስ። በዓይኗ የመጣች በዓይኗ ትሂድ።"

አልቻልኩም እኮ አልኩት። አለቀስኩ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ።

"እንግዲያው እንዳለች ይዘሻት ሂጂና ንገሪያት። እኔም እመጣለሁ። ስታመጪ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ኮሶዬ ብርድ ነው። ወለላ ከጎረቤቶቿ ጋር ሽንኩርት ትልጣለች። አባቴን ስታይ ተነስታ "ቤት ለእንግዳ!" አለች። እኔን አቀፈችኝ። ያ ባሰብኝ።

አሻንጉሊቷን ከጠቀለልኩባት ነጠላ ፈትቼ ሰጠኋት። አየቻት። "ዓይኗስ?"

ቀፎውን ሰጠኋት። ከፈተችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ምነው?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ምን አደረገችሽ?"

አባቴ "ልጄ ናት፤ ጥፋቷ የኔም ነው" አላት። "አያ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ። ነገሬ ከእሷ ጋር ነው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ቆየች። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ።

ስትወጣ መርፌና ሰማያዊ ክር ይዛለች። ከዝማሬ የተረፈው። ጥቁሩን ከጎረቤት አስመጣች። "ዓይኔ መርፌ አይለይም። አንቺ ስፊ፤ እኔ እነግርሻለሁ።"

"ከፍ በይ። አሁንም ከፍ። አይ፣ ይሄ ያንቺ እጅ ነው... ፍቺው።" ጨርቁ ይቀደዳል ብላት "ቀስ ብለሽ ፍቺዋ!" ብላ ተቆጣች። በኋላ የእጄን አንጓ ያዘችና ራሷ መራችው። ጣቴን ወጋሁ፤ አልለቀቀችኝም። ግራው ከፍ ብሎ፣ ሰፍቶ፣ ተንጋዶ ወጣ።

እሷ ናት? አልኳት።

"አይደለችም" አለች። ወደ ፊቷ አስጠግታ አየቻት። "ያኔ 'እንዳሻሽ' ብያት አላየሁላትም ነበር። ዛሬ አየሁ።" ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እኔም።

ልንሄድ ስንነሳ "ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም" አለችኝ። "ግን ነገ ነይ። ሽንኩርት የሚልጥ እጅ አንሶኛል።"

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። አሻንጉሊቷ መደቡ ላይ ቆማለች። የሚገባው ሁሉ እያያት "ሸጋ ልጅ ነበረች" ይላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አባቴ ክፍሌ ገባ። ስንት ዓመቱ ነው ከገባ! መደርደሪያው ፊት ቆመ። ስልሳ አንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያቸው።

"የማን ናቸው?"

የኔ ናቸው አልኩ። "እህ" ብሎ ወጣ።

የክብሪት ቀፎዎቹን አውርጄ አነበብኩ። ስልሳ አንድ። "ዳባት፣ ቡናማ ዓይን።" "ትክል ድንጋይ፣ ቀይ አፍ።" የክሩ ቀለም አለ፣ አገሩ አለ። የሠራቻት ልጅ ስም አንዱም ላይ የለም። ለምን አልጠየቅሁም? ማወቅ አልፈለግሁም ነበር?

ምላጩን ለአኒስ ሰጠሁት። "ጢምህን ተላጭበት" ብለው ደንግጦ አየኝ።

ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ገበያ እወርዳለሁ። ያቺን ባለ ቀይ አፏን ከነቀፎዋ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ። በአዲስ የለወጠችኝ ሴትዮ ነጭ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ካገኘኋት ማን እንደሠራቻት እጠይቃታለሁ። አፏ እንዴት እንደነበረም... እየሳቀች ነበር ወይስ ዝም ብላ?

የፈታሁት እኔ ነኝ። አላስታውስም።